ሮጦ መቆም

የወንድሜን መኪና ከማየቴ በፊት ነበር የምሰማት። ከዳንግላ የሚመጣው አስፋልት እንጅባራ ሊገባ ሲል ትንሽ ይታጠፋል፤ እዚያ ስትደርስ ማርሚታዋ ያጓራል። ማርሚታ የሚባለው የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነው ከኋላ ያለው ነገር ነው፤ ወንድሜ የእሷን ቆርጦ በሰፊ ቧንቧ ስለተካው የሚያፍን የሚባል ነገር አልነበራትም። መጽሐፍ ይዤ ከሆነ ጣቴን መስመሩ ላይ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ድምፁ መጥቶ በራችን ላይ ጸጥ ሲል ብቻ ነው ንባቤን የምቀጥለው። ጉም በወረደ ቀን፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ጉም የማያውቀው ወር ጥቂት ነው፣ ጣቴ ከዚያ መስመር ሳይነቃነቅ ብዙ ይቆያል።

ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ። በልጅነቴ ቤት የሚይዝ ሰው ስላስፈለገ የትምህርት ተራዬ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ወልጄ ቢሆን ልጆቼን በሚያክሉ ተማሪዎች መካከል ነበር የምቀመጠው። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ የተነገረውን ቀለል አድርጎ አያልፍም፣ ብዙ ስለጠበቀው እያንዳንዱን ቃል ይቆጥረዋል። የፊዚክስ መምህራችን አንድ ቀን፣ የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልጋት ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ወደሚቀጥለው ርእስ አለፈ። ልጆቹ ገልብጠው አብረውት አለፉ። የእኔ እጅ ግን እዚያው ቆመ። ወንድሜን ነበር ያሰብሁት።

ወንድሜ ታናሼ ነው፤ ዳንግላ ውስጥ ጋራዥ ነበረው። አንዲት አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል ገዝቶ፣ ከተገለበጠ ትልቅ መኪና የወጣ ሞተር ገጠመላት። ሞላዎቿን አሳጥሮ መሬት አስጠጋት፤ ሰፋፊ ጎማ አደረገላት፤ የኋላ ወንበሯን «ክብደት ነው» ብሎ ነቀለው። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራው የሚያስደንቅ ነበር። ያስደነግጠኝ የነበረውም ያው ነው።

አባታችን በጉብዝናቸው ጊዜ የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። ወንድሜ መኪናዋን ያያት የነበረው ከእሳቸው በወረሰው ዓይን ይመስለኛል። ፈረስ ሲመረጥ ደረቱ ይታያል፣ እግሩ ይታያል፣ ትንፋሹ ይደመጣል። የመቆሙን ነገር ማንም አይመረምርም፤ እሱ የጋላቢው እጅና የልጓሙ ጉዳይ ነው። ፈረስ ደግሞ በገዛ ራሱ መቆም ይፈልጋል፤ ገደል ካየ ባትገታውም ይቆማል። መኪና ግን መቆም አትፈልግም። በፈረስ አድገን መኪና የያዝን የእኛ አገር ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

«ፍሬኗስ?» አልሁት አንድ እሑድ።

«ፍሬኗ ምን ሆነ?»

«ሞተሩን ቀየርህ። ፍሬኑንስ ቀየርህ?»

«ሸራው አዲስ ነው» አለ። ሸራ የሚሉት ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ብረት ጨብጦ የሚያቆመውን ክፍል ነው። «ደግሞ እቴ፣ ፍሬን የፈሪ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ገብተሽ መካኒክ ሆንሽብኝ እኮ!»

ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ግን ስለ መኪና የተጻፈ አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተዋስሁ። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ ስለ ሞተር የሚያወራውን ክፍል ዘልዬ የፍሬኑን ምዕራፍ ብቻ አነበብሁት። ባነበብሁት ቁጥር ፍርሃቴ መልክ እየያዘ መጣ። ቀድሞ በጥቅሉ ነበር የምፈራው፤ አሁን የትኛው ብረት፣ የትኛው ዘይት፣ በምን ሰዓት እንደሚከዳ እያወቅሁ እፈራ ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ዳንግላ ላይ ሰርግ ነበረን። የሙሽራው የአጎት ልጅ ከአዲስ አበባ የስፖርት መኪና ይዞ መጣ፤ ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከፋብሪካዋ ለሩጫ ተብላ የወጣች። ሰው ሙሽራዋን ትቶ እሷን ከበበ።

«እህል አትጭን፣ ሰው አትጭን፣ ምን ልትጭን ነው ይቺ?» አለ አንዱ።

«ኩራት!» አለው ሌላው።

ከዚያ በኋላ ዳሱ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። በፋብሪካ ለሩጫ የተሠራች ትበልጣለች ወይስ ጋራዥ ገብታ የጎለመሰች? እንግዳው ጨዋ ልጅ ነበር፤ ግን እሱም ወጣት ነው፣ ሲነኩት ይነካል።

«የአንተዋ ልቧ የጭነት መኪና፣ እግሯ የባጃጅ» አለው ወንድሜን።

«የአንተዋ ደግሞ ጉድጓድ ስታይ ተሸከሙኝ ትላለች!»

ሳቁ ዳሱን አናጋው። እኔ አልሳቅሁም። ሳቁ ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ገብቶኝ ነበር፤ መጣም። ከእንጅባራ ዳንግላ በዋናው መንገድ ሊሽቀዳደሙ ተስማሙ።

በእኛ ቤት ወግ አባት ሳይመርቅ ግልቢያ የለም። ስለዚህ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሁለቱም እንጅባራ እኛ ቤት መጡ። አባቴ ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አባባ፣ ይመርቁን» አላቸው እንግዳው ጎንበስ ብሎ።

«ወዴት ነው ሩጫው?»

«ዳንግላ ድረስ ነው።»

«በሬ በሚነዳበት፣ ተማሪ በሚሄድበት መንገድ?»

«ማለዳ ነው አባዬ፣ ሰው ሳይወጣ» አለ ወንድሜ።

«ማለዳ ጉም አለ። የለም፣ አልመርቅም።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «መሮጥማ የክረምት ጎርፍም ይሮጣል። እኛ የምናየው የነበረው ሮጦ የሚቆመውን ነው። እንደ ጥንቱ አድርጉትና እኔም ልይላችሁ።»

የጥንቱን እኔም በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ሽማግሌዎች ሜዳው ጫፍ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ፈረሰኛው ከወዲያኛው ጫፍ ተነሥቶ በሙሉ ግልቢያ ወደ እነሱ ይመጣና ፊታቸው ላይ ሲደርስ ይገታል። ግልቢያው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ለምልክት ድንጋይ፣ ሦስተኛው ለሽማግሌ። በሦስተኛው የፈረሱ አቧራ የሽማግሌውን ጋቢ መሸፈን አለበት፤ ሽማግሌው ደግሞ እግሩን እንደዘረጋ መቆየት አለበት። እግሩን የሰበሰበ ሽማግሌ ዓመቱን ሙሉ መሣቂያ ነው። «እግር ሰብሳቢ» ይሉታል፣ ጠላ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ እግሩን እጥፍ እያደረገ ይቀበለዋል።

አባቴ ዋናውን መንገድ ሲከለክሉ ልቤ ተመለሰ። በሬ የለም፣ ተማሪ የለም፣ ጭነት መኪና የለም። ሦስተኛው ግልቢያ ትዝ ያለኝ ወደ ቦታው እየሄድን ሳለ ነው። አባቴ በርጩማቸውን አስይዘውኝ ነበር።

ቦታው ከከተማችን ዳር ሥራው ያላለቀ አዲስ አስፋልት ነው። ለጥ ብሎ ቀጥ ያለ ነው፤ ኖራ የተቀባውን የምልክት ድንጋይ ካለፈ በኋላ ግን ወደ ቤቶቹ ያዘቀዝቃል። ከቁልቁለቱ ዳር መንገድ ሠሪዎቹ የተዉት የአፈር ክምር ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ሰው ተሰብስቧል።

ከመጀመራቸው በፊት ወደ ቀይዋ መኪና ጠጋ ብዬ በጎማዋ ብረት ክፍተት አሾልቄ አየሁ። ፍሬኑ የሚጨብጠው ክብ ብረት ሰፌድ ያክላል፤ ነፋስ እንዲያገኘው ብዙ ቦታ ተበስቷል። የወንድሜ መኪና የፊት ብረት ከሻይ ሰሐን ብዙም አይበልጥም፤ ያች መኪና ገና ስትሠራ፣ ለያኔው ትንሽ ሞተር የተሰጣት ነው። እንግዳው ሲያየኝ ሣቀ።

«እትዬ፣ መኪና ይወዳሉ እንዴ?»

«አልወድም» አልሁት። «ይህ ብረት ሲግል ምን ይሆናል?»

«እንጃ። የሠሩት ያውቃሉ።»

የሠሩት ያውቃሉ። ሌላ ጊዜ ብሰማው መልስ አልለውም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን የሁለቱ መኪናዎች ልዩነት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። የእሱን መኪና የሠሩት ሰዎች ሞተሩን ሲያገዝፉ ፍሬኑን ካላገዘፉ እንደማይሆን ቀድመው አስበውለታል። ለወንድሜ ግን ያሰበለት አልነበረም።

የመጀመሪያው ዙር። ቀይዋ እንደ ጥይት መጣችና አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ድንጋዩ አጠገብ ቆመች፤ አንስቶ ያስቀመጣት ሰው ያለ ይመስላል። ቀጥሎ የወንድሜ እያጓራች መጣች። ያየሁትን ልናገር፣ በሩጫው አላነሰችም፤ እንዲያውም አነሳሷ ከቀይዋ ይበልጥ ነበር። ጎማዋ ጮኾ ድንጋዩ ላይ ልክ ቆመች። ሰው ፈነጠዘ።

«ባጃጇ በላችው!»

«ፋብሪካ ይዘጋ!»

እኔ ራሴ ለቅጽበት ተሳሳትሁ ይሆን ብዬ አሰብሁ። ተሳስቼ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

ሁለተኛው ዙር። ቀይዋ የመጀመሪያውን ዱካዋን መልሳ ረገጠች፤ ለውጥ የለም። የወንድሜ መጣች፣ ድንጋዩን አለፈች፣ የራሷን ቁመት ያህል ተንሸራትታ ቆመች። ሽታው ቀድሞ ደረሰን፤ ቀንድ ሲቃጠል የሚሸተው ዓይነት። ከፊት ጎማዋ ቀጭን ጭስ ወጣ። በአንድ ሩጫማ የጋራዧም የፋብሪካዋን ታክላለች። የሚለያቸው ደጋግሞ መሮጡና ደጋግሞ መቆሙ ነው።

ወንድሜ እየሣቀ ወረደ። «አዳለጠኝ እንጂ!»

አጠገቡ ሄጄ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ፔዳሉ ምን ይልሃል?»

«ምን ይለኛል?»

«እንደ በፊቱ ጠንካራ ነው ወይስ ገባ አለ?»

ሣቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ዓይኑ ሸሸኝ። «ትንሽ ለስልሷል።»

«እንግዳውን ይብቃን በለው።»

«እቴ፣ በሰው ፊት ተዪኝ።»

መጽሐፉ ላይ ያነበብሁት ይኸው ነበር። ብረቱ ሲግል ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይሆናል፤ እግር የሚረግጠው ከዚያ በኋላ አየር ነው። ይህ ደግሞ እየሮጡ ሳለ ብቻ አይደለም፤ ከቆሙ በኋላም ሙቀቱ ሥራውን ይቀጥላል። ያ መስመር ከነኮማው ፊቴ ላይ ተደቀነ።

ዘወር ስል አባቴ በርጩማቸውን ወስደው ድንጋዩ አጠገብ፣ አስፋልቱ መካከል ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን አስተካክለው ሁለት እግራቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ሰው አጨበጨበላቸው።

«አባዬ፣ ይነሡ።»

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«መኪናዋ አትቆምም።»

«ልጄ ነው። አባቱን አይረግጥም።»

«እሱማ አይረግጥም። መኪናዋ ናት።»

«እግር ሰብሳቢ ልታደርገኝ ነው ይቺ ልጅ!» አሉ ለሰው፤ ሰው ሣቀ። ዓይናቸው ግን ወጣት ሆኗል። ስንት ዘመን ማንም ወደ እሳቸው ጋልቦ አያውቅም።

እንግዳው መጣ። ፊቱ ልክ አልነበረም፤ ሽታው ለእሱም ደርሶታል። «አባባ፣ ግድ የለም፣ እኩል ነን እንበል፣ ይብቃን።»

«ፈራ! የአዲስ አበባው ፈራ!» ብለው ጮኹበት። ቀይ ሆኖ ወደ ዳር ወጣ። ወንድሜም ይህን ከሰማ በኋላ ሊተወው አይችልም ነበር። ወደ መኪናው ሲሄድ አየሁት፤ አረማመዱ ለራሱ ያልሆነ ሰው አረማመድ ነው።

ስለ አራት እጥፍ ልነግራቸው እችል ነበር። ስለ ዘይትና ስለ አረፋ ልናገር እችል ነበር። ይህን ሁሉ ብል ግን አባቴ ዘንድ የሚደርስ አንድም ቃል እንደሌለኝ አወቅሁ። በትምህርቴ ይኮሩ ነበር፤ ግን የእኔ ትምህርት የወረቀት ነው፣ ይህ ደግሞ የሜዳ። ጎንበስ ብዬ በአገውኛ፣ ቤት ውስጥ ብቻ በምንነጋገርበት ድምፅ፣ ጆሯቸው ላይ ተናገርሁ።

«አባዬ፣ ላብ አውጥታለች።»

«ማን?»

«መኪናዋ። ክፉኛ አልቧታል። ይምጡና ያሽትቷት።»

ዞር ብለው አዩኝ። የሚቀልድ ሰው ፊት ፈልገው አጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ደግፌ አስነሣኋቸው። መኪናዋ ገና ድንጋዩን አልፋ በቆመችበት ነበረች፤ ወንድሜ በሩን ከፍቶ ሊገባ ነው። አባቴ የፊት ጎማዋ ዘንድ ጎንበስ አሉና፣ የፈረስ ደረት እንደሚዳስሱት የእጃቸውን ጀርባ ወደ ብረቱ አስጠጉ። ሳይነኩት መልሰው ነጠቁት። አሸተቱ።

«አንተ።»

«አቤት አባዬ።»

«የላበ ፈረስ ሦስተኛ ይጋለባል?»

«አባዬ፣ ይቺ እኮ ብረት...»

«ጠየቅሁህ።»

ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። «አይጋለብም።»

«ምን ይደረጋል?»

«በእርምጃ እየተመራ ቤቱ ይገባል።»

«ምራት።»

«ገለባ ይምጣላት እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ትንሽ ተሣቀ፤ ግን ክርክር አልተነሣም። ፈረስ ማድከም በእኛ አገር ነውር ነው፤ ነውርን ደግሞ ከፍርሃት ይልቅ ሁሉም ያውቀዋል። እንግዳው የአባቴን ጉልበት ስሞ ተሰናበተ። ሰው እየተበተነ፣ እየተመለሰ፣ እየተከራከረ ሳለ መኪናዋ ጥቂት ቆመች። ያ መቆም ነበር የሚያስፈራኝ፤ ለማን ልንገር?

ወንድሜ ገብቶ አስነሣት። አባቴ ከፊቷ ሆነው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሊመሯት ቆሙ። ሮጬ ደረስሁባቸው።

«አባዬ፣ ፈረስ ከፊቱ ነው ወይስ ከጎኑ ሆነው የሚመሩት?»

«ከጎኑ ነው እንጂ! ከፊት የሆነማ ይረገጣል» አሉ። ቀና ብለው አዩኝና፣ የገባቸው ይመስለኛል፣ ወደ ጎን መጥተው እጃቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ።

ቁልቁለቱን በሰው እርምጃ ጀመርን። እኔ ከአባቴ ኋላ ነበርሁ። ብዙም አልሄድን። የወንድሜ እግር ፔዳሉን ሲመታ ሰማሁ፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ፣ ባዶ ጣሳ እንደሚረገጥ።

«የለም!» አለ።

«ምኑ?» አሉ አባቴ።

«ፍሬን የለም! ፍሬን የለም!»

መስኮቱ ከአባቴ እጅ ሥር ሸሽቶ ሄደ። የእጅ ፍሬኑን ሲስበው ጮኸ፣ ግን አልያዛትም። ከታች የቤቶቹ አጥር ይታያል፤ አንዲት ሴት ጀሪካን አዝላ ትሻገር ነበር። ወንድሜ መሪውን ሙሉ ጠመዘዘ። መኪናዋ ከአስፋልቱ ወርዳ የአፈሩ ክምር ውስጥ አፍንጫዋን ቀበረች። ድፍን ያለ ድምፅ ሆነ፤ ከዚያ ምንም።

ወጣ። ሙሉ ነው፤ ግንባሩ ላይ ትንሽ ጭረት ብቻ። ወደ እኛ ሊመጣ አንድ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመልሶ በሩን ያዘ። አባቴ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ሽቅብ ወደ መጣንበት አየ፤ እኔም አየሁ። ጉሙ መውረድ ጀምሯል። ኖራ የተቀባው ድንጋይ ደብዝዞ ይታያል፤ አጠገቡ አስፋልቱ መካከል የአባቴ በርጩማ እንደተቀመጠ አለ። ግርግሩ ላይ ያነሣው ሰው አልነበረም።

መኪናዋ ክረምቱን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆማ ከረመች። ወንድሜ በአውቶቡስ መጣ አንድ ቅዳሜ፤ ገብቶ ብዙ ሳይጫወት «ያ መጽሐፍ አለ?» አለኝ። የፍሬኑን ምዕራፍ እየተረጎምሁ አነበብሁለት። «ይህችን ድገሚያት» እያለ ያስቆመኝ ነበር። አባቴ ከመደባቸው ሆነው ያዳምጣሉ፣ አንዳንዴም «እህ» ይላሉ። መስከረም ላይ ትልልቅ የፍሬን ብረት ከነሙሉ ዕቃው አግኝቶ ገጠመላት፤ ማርሚታዋንም መለሰላት። ስለዚህ አሁን ከዳንግላ ስትመጣ አልሰማትም። በሩ ሲንኳኳ ነው የማውቀው። ይህ ደግሞ የራሱ ፍርሃት አለው፤ ጣቴን መስመሩ ላይ አስቀምጬ መቼ መጠበቅ እንዳለብኝ አላውቅም።

ያን ቀን ግን በርጩማውን ላመጣ ሽቅብ ወጥቼ ስመለስ፣ አባቴ እዚያው ዳር ድንጋዩ ላይ ነበሩ። ሁለት እግራቸውን ሰብስበው ጋቢያቸው ሥር ደብቀዋቸዋል። ወንድሜም አይቷል። በአገራችን ወግ መሣቂያ ነው፤ እሱም እኔም እስከ ዛሬ አንሥተንባቸው አናውቅም።